በሁዳዴ የተነጠረው ዘይት

አሁን የምሠራው መካነ ሰላም ውስጥ ዘይት መጭመቂያ ቤት ነው። የኑግ ዘይት በጄሪካን እቀዳለሁ፣ ፋጉሎውን በጆንያ እሞላለሁ። ከዚህ በፊት ግን ሥራዬ እግር ማጠብ ነበር፤ ያበጠና የቆሰለ እግር። የምንሠራበት ክፍል ተዘግቶ ሥራው ወደ ጤና ጣቢያ ሲዛወር፣ እዚያ የሚቀጠረው የተመረቀ ነው ተባለና እኔ ወደ ዘይቱ መጣሁ። ሰዎች ግን አልረሱኝም። ዘይት ሊገዙ ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትርንጎ፣ ለቁስል የሚሆነው የትኛው ነው?» ይሉኛል።

መልሱ ረጅም ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ረጅም ነገር መናገር አይሆንልኝም፤ ገና ስጀምር ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ጻፍኩት።

ስቀጠር ሥራዬ ጽዳትና ውሃ ማፍላት ነበር። ክፍሉ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። በእኛ አገር ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው፣ አንዳንዱ እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ሰው ዝሆኔ ይለዋል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ቆሻሻ ይገባና ያመረቅዛል። ከሕመሙ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ሽታው ነው። ሽታው ከቤተ ክርስቲያን ያስቀራል፣ ከገበያ ያስቀራል፣ ከሰው ያስቀራል።

አለቃችን አቶ ደምሰው ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ሳሙና አለቀ ሲባሉ ብቻ ራሳቸውን ይይዛሉ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለእናቴ ስኳር ይበቃ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሲስተር አስካለ ናቸው።

ሲስተር አስካለ በየጤና ጣቢያው ብዙ ዘመን ያገለገሉ ነርስ ነበሩ። በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ እግሩን አያዩም። በርጩማ ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና ስለ በሬው፣ ስለ ማሳው ይጠይቁታል። እሱ ሲያወራ እሳቸው ፋሻውን ይፈታሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። ፊታቸውን አያዞሩም፣ ትንፋሻቸውን አይሰበስቡም።

«ሽታው ይነግርሻል» ይሉኝ ነበር። «የላብ አለ፣ የመግል አለ፣ የሞተ ሥጋ አለ። አፍንጫሽን ከደበቅሽ ምኑን አየሽው?»

አንድ ቀን ሰው ሲበዛባቸው «እጅሽን ታጠቢና ነይ» አሉኝ። እንደዚያው ቀረሁ። አፋር ስለሆንኩ ሥራው ተስማማኝ። የሰው ፊት ማየት ያስጨንቀኛል፤ እግር ግን አያስጨንቅም።

ውሃው ፈልቶ፣ ክዳኑ ሳይነሳ ይቀዘቅዛል፤ ጥቂት ጨው ይገባበታል። ቁስል ላይ የተጣበቀ ፋሻ አይጎተትም፤ ራሱ እስኪለቅ ይነከራል። የጎተተ ሰው አዲስ የበቀለውን ሥጋ አብሮ ይነቅላል። ሳሙናው በእጅ ይመታና በአረፋው ብቻ ይታጠባል። ከዚያ በጣቶቹ መካከል በስስ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ይሄ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እርጥበት የቀረበት ጣት በሳምንቱ ተልጦ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቅባት ይቀባል። እዚህ ላይ ሲስተር አስካለ እጄን ይዘው ነበር ያሳዩኝ።

«ለዳሩ ነው» አሉኝ። «ቁስሉ መሃል አታፍስሺበት። ዳር ያለው ቆዳ ሲለሰልስ አይሰነጠቅም፤ ካልተሰነጠቀ ቁስሉ አይሰፋም፤ ካልሰፋ ገላው ራሱ ይገጥመዋል። ቅባት አያድንም ትርንጎ። የሚድነውን ያግዛል እንጂ።»

በገበያ ቀን ወደ ከላላ እንሄድ ነበር። እዚያ አንድ ነጋዴ ባዶ መጋዘኑን ለቀቀልንና፣ ከገጠር በበቅሎም በእግርም የሚመጡትን እዚያ እናያቸዋለን። አያ ይመርን ያገኘኋቸው በዚያ ነው።

አያ ይመር ረጅም፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ ናቸው። ግራ እግራቸው አብጦ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የእንቁላል ያህል ቁስል ነበረበት። በመጀመሪያው ቀን ስናጥባቸው ዝም ብዬ ስሠራ አዩኝና፣

«ሲስተር፣ ይቺ ልጅ የማን ናት? እግሬን ስታይ ዋለች፣ ወደ ላይ ግን ሰው መኖሩን አላወቀችም!» አሉ።

«ታፍራለች» አሉ ሲስተር።

«አብሽሪ ልጄ፣ እኔም በወጣትነቴ አፍር ነበር። ሚስቴን ያጨልኝ ወንድሜ ነው። እሷ እሱን መስሏት እሺ አለች፣ በሠርጉ ቀን እኔ መጣሁ!»

ሳቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ተግባባን።

ቁስሉ ምን እንዳሳጣቸው የነገሩን ግን እየቆዩ ነው። አያ ይመር የሚካኤል ማኅበር ጽዋ አላቸው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ ተራ በተራ እየደገሱ ጽዋውን ይቀባበላሉ። ሽታው ከበረታ ወዲህ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ነገር ግን የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አያ ካሳው፣ «ይመር፣ አንተ እዚህ በሩ ጋ ሁን፣ ነፋስ ያግኝህ» ብለው አስቀመጧቸው። ከዚያ በኋላ ቦታቸው በሩ አጠገብ ሆነ።

«ቢሰድቡኝ እሰድባቸው ነበር» አሉን አያ ይመር። «ነፋስ ያግኝህ ለሚል ሰው ምን ይባላል?»

ተራቸው ሲደርስ ደግሞ፣ ሰው ቤቴ ገብቶ አፍንጫውን ይዞ እንዳይበላ ብለው ጽዋውን አሳለፉት። ቀጣዩ ተራቸው ሰኔ ሚካኤል ነበር። ሁለተኛ ካሳለፉ ከማኅበሩ ሊወጡ ወስነዋል። ሁለት ጊዜ ጽዋ ያሳለፈ ሰው ምኑን ማኅበርተኛ ነው ብለው ነበር።

«እስከ ሰኔ ይደርሳል?» አሉ።

«እርስዎ ካገዙን ይደርሳል» አሉ ሲስተር አስካለ።

እየደረሰም ነበር። ጥር አልፎ ሽታው ቀነሰ፤ ዳር ዳሩን እንደ ሕፃን ከንፈር ያለ ቀይ ስስ ቆዳ ወጣ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በጾሙ በሁለተኛው ገበያ ፋሻውን ስፈታ ቆዳው ደርቆ ክረምት አልፎት እንደ ተሰነጠቀ መሬት ሆኗል።

«አያ ይመር፣ ለቤት የሰጠንዎ ቅባት አለቀ እንዴ?» አሉ ሲስተር።

«አላለቀም፣ ተቀምጧል።»

«ለምን?»

«እንዴ ሲስተር! ሁዳዴ ገባ እኮ። በሁዳዴ ራሴን ቅቤ ያልተቀባሁ፣ እግሬን ልቀባ?»

«ይህ ቅቤ አይደለም።»

«ነጭ ነው፣ ይቀልጣል፣ ያወዛል። ቅቤስ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?»

ሲስተር አስካለ አልተከራከሩም። ለፋሲካ ብዙ ይቀራል፤ ያ ቆዳ እስከዚያ አይጠብቅም። ትንሽ አሰቡና፣ «የኑግ ዘይትስ?» አሉ።

«እሱማ የጾም ነው። ስንዱ እቤት ታወጣው የለ?» ስንዱ ሚስታቸው ናቸው።

«እንግዲያው ካጠቡት በኋላ እሱን ዳር ዳሩን ይቀቡት።»

ሁላችንም ደስ አለን። ነገሩ ቀላል መሰለን።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ይመር አልመጡም። በሌላውም አልመጡም። ከዚያ በኋላ አንድ ዘመዳቸው በበቅሎ አፈናጦ አመጣቸው። ፋሻው ሲፈታ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ተልጧል። ቁስሉ የመዳፍ ያህል ሆኗል። ቅላቱ ወደ ጉልበት እየወጣ ነው፤ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል። ሲስተር አስካለ አሸተቱ፤ ድጋሚ አሸተቱ። ግራ የገባው ፊት ሲያሳዩ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«ዘይቱ ያቃጥልዎት ነበር?»

«እንደ በርበሬ!»

«ታዲያ ለምን አላቆሙም?»

«ሲያቃጥለኝ ጊዜ ሠራ ብዬ ነዋ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «የማያቃጥል መድኃኒት ምን መድኃኒት ነው? የናንተው ቅባት ነበር የማይሰማኝ። ይሄኛው ሲነድ ሌሊቱን ሙሉ ሚካኤልን አመሰግን ነበር።»

በዚያው መኪና ተፈልጎ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ሐኪሙ ቅላቱ በመርፌው ካልቆመ እግሩን ማትረፍ እንደሚከብድ ለሲስተር በስልክ ነገራቸው። እሳቸው ስልኩን ዘግተው ነገሩኝ። ብዙ ወር የለፋንበት ቁስል፣ በእኛው ምክር፣ ካገኘነው ጊዜ ይልቅ ብሶ ነበር።

በማግሥቱ ወደ አያ ይመር ቤት ሄድን። መንገዱ ዳገት ነው። እታለም ስንዱ ከግቢው ወጥተው ተቀበሉን። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው የተለቀለቀ፣ ዕቃቸው የተወለወለ።

«ያ ለእግራቸው የሚቀቡት ዘይት ተርፏል?» አሉ ሲስተር።

እታለም ስንዱ ከመደቡ ላይ ጠርሙስ አወረዱ። ሲስተር ክዳኑን ከፈቱት። ሽታው እኔ እስከ ቆምኩበት ደረሰ። ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል።

«እታለም ስንዱ፣ ይሄ ምን ገባበት?»

«ኧረ ምን ያልገባበት አለ!» አሉ በኩራት። «ልክ እንደ ቅቤ አድርጌ ነው ያነጠርኩት። ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ ስልጥ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ደረቅ ዘይት ለታመመ ባል ይሰጣል እንዴ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

የእኛ አገር ሴት በጾም ለወጥ የሚሆናትን ዘይት እንደ ቅቤ በቅመም ታነጥራለች። ለምትወደው ሰው ደግሞ ቅመሙን ታበዛለታለች። ያ ስስ ቆዳ ላይ በየቀኑ የፈሰሰው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነበር።

ሲስተር ጠርሙሱን ከደኑት። እታለም ስንዱ ፊታችንን ተራ በተራ አዩና ድምፃቸው ተቀየረ።

«እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሲስተር አስካለ። «የቤት ዘይት ይቀቡ አልኩ። ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳልጠይቅ።»

እታለም ስንዱ ጠርሙሱን ቀምተው ወደ ውጭ ሊደፉት ሲነሡ ሲስተር እጃቸውን ያዙ።

«ይሄን የመሰለ ዘይት ይደፋል? ለወጥ ነው እንጂ ለእግር አልሆነ። ደክሞናል፣ ሽሮ ሥሪልን።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ባሌ ሆስፒታል ተኝቶ…»

«ባልሽ ሆስፒታል ተኝቶ አንቺ ጾምሽን መዋል የለብሽም። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሥሪልን።»

ሽሮው ተሠራ። እንደዚያ የጣፈጠ ሽሮ በልቼ አላውቅም። እታለም ስንዱ መጀመሪያ እያለቀሱ ያዩን ነበር፤ ኋላ ሲስተር አጉርሰዋቸው በሉ። ሲስተር አስካለ ከሠሩት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ብንቆጣቸው ኖሮ ያቺ ሴት ዳግመኛ የባሏን እግር በእጇ አትነካም ነበር።

ከበላን በኋላ ኑጉን አመጡ፤ አብረን አወጣነው። ለስለስ ተደርጎ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በሙቅ ውሃ ይታሻል፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። በንጹሕ ሻሽ ይጠልላል፤ ከዚያ የቀረው ውሃ ወጥቶ መንጫጫቱ እስኪቆም ይሞቃል። እታለም ስንዱ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ኮረሪማው ሲሄድ ሲስተር፣ «ስንዱ!» ይላሉ፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲበርድ በተቀቀለ ጠርሙስ ገባ። ሲስተር በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው አሽተው አሸተቱት።

«ይሄ ሲቀቡት ምንም አይሰማቸውም» አሉ። «ምንም ካልተሰማቸው ልክ ነው ማለት ነው። ደግሞም ቆዳው ጤና እስኪሆን፣ እኛ ሳንል አትቀቢው። ሽታው ከተለወጠ ድፊው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር አስካለ አዲስ ልማድ አመጡ። በሽተኛ «ቤት አለኝ» ካለ፣ ቅባት ይሁን ሳሙና ይሁን ጨርቅ፣ «አሳዩኝ» ይላሉ። ካላዩና ካላሸተቱ እሺ አይሉም። እኔም አሁን ዘይት ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ቁስል ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ቁስሉን ለሐኪም ማሳየቱን እጠይቃለሁ። ከዚያ ቤት ወስዶ ምን እንደሚያደርገው እጠይቃለሁ።

ቅላቱ በመርፌው ቆመ። አያ ይመር እግራቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ግን ከስተው ነበር። ሲስተር መጀመሪያ ቁስሉን በጨው ውሃና በንጹሕ ፋሻ ብቻ አቆዩት። የተላጠው ቆዳ ሲመለስ ዘይቱን ፈቀዱ። ፋሲካ አልፎ ነጩን ቅባት መልሰን ልንሰጣቸው ብንልም፣ አያ ይመር አሻፈረኝ አሉ።

«ስንዱ ጠርሙሱን በየቀኑ ስታሸትተው ነው የምትውለው። ይሄን ብተውባት ትታመማለች።»

እታለም ስንዱ ማታ ማታ እያጠቡ፣ እያደረቁ፣ ዳር ዳሩን እየቀቡ፣ እኛም በገበያ ቀን እያየን ቁስሉ ጠበበ። ግንቦት ሲወጣ የባቄላ ያህል ቀረ። ሽታው ጠፋ። ግን አልገጠመም፤ ክረምቱም ገባ።

በሰኔ ሚካኤል ቀን ሲስተር አስካለ ልቅሶ ሄደው ስለነበር ፋሻውን ልቀይር ብቻዬን ወደ አያ ይመር ቤት ሄድኩ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል። እግራቸውን አጠብኩ፣ ዳሩን ቀባሁ፣ በአዲስ ፋሻ ከጣታቸው ጀምሬ ወደ ላይ ጠቀለልኩ። የተሠራላቸውን ሰፊ ጫማ አደረግንላቸው።

«ይሸታል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። «ሳሙና ሳሙና ይላል፣ አያ።»

ማኅበርተኞቹ ገቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ነበርኩ። አያ ይመር ቆመው ያስተናግዳሉ። ሁሉም ሲቀመጥ፣ ከልማድ የተነሳ ይሁን ምን እንጃ፣ በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ባዶውን ቀርቶ ነበር። በገዛ ቤታቸው። እታለም ስንዱ እጄን ጨበጡት፤ አመመኝ።

አያ ይመር አልተቀመጡበትም። ጠላ እየቀዱ ዞሩ፤ እያንዳንዱ ሰው ፊት ጎንበስ እያሉ። ማንም ፊቱን አላዞረም። ጸሎቱ ደረሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት የሚሸኝበት ሰዓት ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በዚያ ማኅበር ልማድ ጽዋውን ተረካቢው ቤት ድረስ ይዞ የሚያደርሰው የደገሰው ሰው ራሱ ነው፤ ሌላው እየዘመረ ይከተላል። የተረካቢው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። መንገዱ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ቀይ ጭቃ ነው።

አያ ይመር ጽዋውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። የባቄላ ያህል የቀረው ቁስል ታየኝ። ጭቃው ፋሻው ውስጥ ሲገባ ታየኝ። ሲስተር አስካለ የሉም። ከመጋረጃው መቼ እንደወጣሁ አላውቅም፤ ቤት ሙሉ ወንድ ፊት ቆሜ፣

«አያ፣ አይሆንም!» አልኩ። «በዚህ ጭቃ አይሄዱም። ቁስሉ አልገጠመም።»

ጆሮዬ ነደደ። አያ ይመር ዞረው አዩኝ፤ ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ ብቻ። ዛሬን ካልሸኘሁ መደገሴ ምኑ ነው?»

«አይሆንም» አልኩ ድጋሚ።

አንድ ሽማግሌ፣ «ሌላ ሰው ይያዝለት» አሉ። አያ ይመር ጽዋውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

አያ ካሳው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወጡና ግቢው ውስጥ የታሰረችውን የራሳቸውን በቅሎ ፈትተው እስከ ደጃፉ አቀረቧት።

«ጽዋ ተይዞ በበቅሎ ይኬዳል?» አሉ ሽማግሌው።

«ጽዋውን እሱ ይያዝ፤ እሱን በቅሎዋ ትያዝ» አሉ አያ ካሳው፤ ጎንበስ ብለው ያን በፋሻ የተጠቀለለ እግር በሁለት እጃቸው አንሥተው እርካቡ ላይ አኖሩት። ፊታቸው ለፋሻው ከመቅረቡ የተነሳ ጢማቸው ነካው።

መዝሙሩ ተጀመረ። አያ ካሳው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በቅሎዋን እየሳቡ ከፊት ወደ ጭቃው ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። አያ ይመር ከሁሉም በላይ ከፍ ብለው፣ ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ሄዱ። ፋሻው እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ ነጭ ሆኖ ታየኝ።